ንቅሳት ከቆዳ ሲለይ፤ በኢየሩሳሌም የንቅሳት ቅርጾች መጽሐፍና በኢትዮጵያ ንቅሳት አጠናን ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ንቅሳት ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ለኢትዮጵያ ባሕል ተመራማሪዎች እጅግ የሚቀርበው፥ ጆን ካርስዌል በ1956 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢየሩሳሌም ያሳተሙት፥ ከሁለት ዓመትም በኋላ በቤይሩት ሁለተኛ ጊዜ የታተመው፥ ስለ ቅብጦች የንቅሳት ቅርጾች የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ካርስዌል በዚያን ጊዜ ወጣት ሠዓሊ ነበሩ፤ ካትሊን ኬንየን በኢያሪኮ ያካሄዱት የነበረው ቁፋሮ ባልደረባ ሆነው የሚገኘውን ዕቃ ይሥሉ ነበር። ለዕቃ መልክ የሠለጠነ ዓይን ስለ ነበራቸውም፥ በአሮጌው የኢየሩሳሌም ከተማ ያዕቆብ ራዙቅ ከሚባሉ የሬሳ ሣጥን ሠሪና ነቃሽ ቤት የተከማቹትን የእንጨት ማኅተሞች ባዩ ጊዜ ዋጋቸውን ተረዱ። ማኅተሞቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ እያተሙ፥ ከእያንዳንዱም ጋር አጭር መግለጫ እየጨመሩ አወጧቸው። የራዙቅ ቤተ ሰብ ከግብፅ የመጣ የቅብጥ ወገን ሲሆን፥ ሙያው ለሰባት መቶ ዓመት ያህል ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንደ ኖረ በቤተ ሰቡ ትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ የታሪክ ማስረጃ ባይሆንም፥ ማኅተሞቹ ግን በእጅ የሚዳሰሱ ማስረጃዎች ናቸው።

የመጽሐፉ ጥቅም ግልጽ ነው። ስቅለቱ፥ ትንሣኤው፥ እመቤታችን ከልጅዋ ጋር፥ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ሰይፍ የመዘዘው ሚካኤል፥ በአራት ታናናሽ መስቀሎች የተከበበው የኢየሩሳሌም መስቀል፥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቤት ሳጥን ውስጥ ተከማችተው ሲቀሩ የሚያውቃቸው ተነቃሹ ተሳላሚ ብቻ ነበር። ካርስዌል ከሳጥን አውጥተው ለንጽጽር አበቋቸው። ከዚህም በላይ የአሠራሩን ጥንታዊነት ማንም አንባቢ ራሱ ሊመረምር እንዲችል አደረጉ። ፈረንሳዊው መንገደኛ ዣን ደ ቴቬኖ በ1658 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ክንዳቸውን ሲነቀሱ ያዩትን ጽፈዋል፤ በእንጨት የተቀረጸ ማኅተም በከሰል ዱቄት ተለቅልቆ በቆዳ ላይ ይታተማል፤ ከዚያም በአንድነት የታሰሩ ሁለት መርፌዎች የበሬ ሐሞት በተቀላቀለበት ቀለም እየተነከሩ የታተመውን መስመር ተከትለው ይወጋሉ። የራዙቅ ቤት ሥራ ከዚህ ጋር ሲተያይ፥ የመርፌው ኀይል ከእጅ ወደ ኤሌክትሪክ ከመለወጡ በቀር መሠረቱ ያው እንደ ሆነ ይታያል። ሦስት መቶ ዓመት የዘለቀ የአሠራር መስመር በንቅሳት ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ዳሩ ግን መጽሐፉ ያሳተመው ንቅሳትን ሳይሆን ማኅተምን ነው። ልዩነቱ ለቀልድ የሚነሣ አይደለም። በገጹ ላይ የሚታየው ሥዕል ተሳላሚው ክንድ ላይ መርፌ ከመግባቱ በፊት ለአፍታ የሚቆየው ምልክት እንጂ፥ ከመርፌው በኋላ ዕድሜ ልክ የሚኖረው አይደለም። የእንጨቱ መስመር እንጨት ቀራጩ ስለቱን እንዳዞረው ይዞራል፤ የመርፌው መስመር ግን በተነቃሹ ሥጋ ልስላሴ፥ በነቃሹ ድካምና በተራ ጠባቂው ብዛት ይወሰናል። በሕማማትና በትንሣኤ ሰሞን ሰዉ በሚጋፋበት ጊዜ ነቃሹ ከስቅለቱ ሥዕል የትኛውን መስመር ይተዋል? የትኛውንስ አይተውም? መጽሐፉ ይህን አይነግርም፤ ሊነግርም አይችልም፤ ምክንያቱም ከእንጨቱ ጋር አንድ ስንኳ የተነቀሰ ክንድ በንጽጽር አልቀረበም።

እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ከማኅተሙ ውጭ በእጅ የሚጨመረው መቅረቱ ነው። ተሳላሚው ከሁሉ ይልቅ የራሱ የሚያደርገው፥ ከመስቀሉ ሥር የሚጻፈው የተሳለመበት ዓመተ ምሕረት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ሊትጎው በ1612 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በተነቀሱ ጊዜ፥ የከተማዪቱ መስቀል አልበቃ ብሏቸው የንጉሣቸውን የያዕቆብን ስም አስጨምረዋል። እንዲህ ያለውን ማኅተም ማንም ቀርጾ አይጠብቅም። የንቅሳቱ ግላዊ ክፍል ሁሉ በዚያ በነጻ እጅ በተጨመረው ውስጥ ሲገኝ፥ የመጽሐፉ ክብደት በሙሉ ለሁሉ የሚታተመው ላይ ወድቋል። አንድ ሰው የአንድን ደብር ማኅተም ሰብስቦ የደብሩን ደብዳቤዎች አነበብሁ ቢል የሚቀርበት ነገር ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ጉድለት በኢየሩሳሌም ወሰን ውስጥ ቢቀር ኖሮ እምብዛም ባላስጨነቀ። አሳሳቢው፥ በዚህ ዓይነት የቅርጽ ዝርዝር የሠለጠነ ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ንቅሳት ሲመለስ የሚያደርሰው ስሕተት ነው። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም እንግዶች አይደሉም፤ ዴር ሡልጣን በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ ደብረ ገነትም ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ይገኛሉ። ኢየሩሳሌም የተሳለመ ሰው በአገሩ የተከበረ ነው፤ በክንዱ ላይ መስቀል አስነቅሶ የተመለሰም የመንገዱን ምስክር በሥጋው ይዞ ይመለሳል። ከዚህ በመነሣት፥ በኢትዮጵያ ሴቶች ግንባር ላይ የሚታየው መስቀል ከኢየሩሳሌም ወይም ከቅብጦች የመጣ ነው የሚል አስተያየት በቀላሉ ይወለዳል። መስቀል ከመስቀል ጋር ሲታይ ዝምድናው ያለቀ ይመስላል።

ነገሩ ሲመረመር ግን ከመስቀሉ በቀር የሚገጥም ምንም የለም። የኢየሩሳሌሙ ንቅሳት በክንድ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያው በግንባር፥ በአገጭ፥ በአንገት፥ በእጅና በድድ ላይ ነው። የኢየሩሳሌሙን ወንድም ሴትም አዋቂ ሆኖ፥ መንገድ ተጕዞ ይነቀሰዋል፤ የኢትዮጵያውን ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ፥ ከቤቷ ደጅ ሳትርቅ ትነቀሰዋለች። በዚያ ነቃሹ ከአባቱ ሱቅ የወረሰ ወንድ ባለሙያ ነው፤ በዚህ ነቃሿ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ሱቅ የላትም፥ ማኅተምም የላትም። መስቀሉንም ለመግለጽ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ደጋ መስቀል በቀሚስ ጥለት ላይ አለ፤ በድፎ ዳቦ ላይ አለ፤ በበር መቃን ላይ አለ፤ ካህኑ በእጁ ይዞት ይዞራል። መስቀልን በሁሉ ነገር ላይ የሚያኖር ሕዝብ በቆዳው ላይ ለማኖር ከውጭ አስተማሪ ይሻል ማለት ተመራማሪው ሊያስረዳ የሚገባው ነገር እንጂ እንደ ታወቀ የሚወሰድ አይደለም። አንድን ምልክት ከመልኩ ብቻ ተነሥቶ የትውልድ ሐረግ መስጠት፥ የስም መመሳሰልን ይዞ ዘመድ እንደ መቍጠር ነው።

ቋንቋው ራሱ ከማናቸውም የቅርጽ ሰንጠረዥ ይልቅ ይረዳል። በአማርኛ «ነቀሰ» የሚለው ግስ ቀለም ማግባትን ብቻ አያመለክትም፤ እግር የወጋን እሾህ በመርፌ ጫፍ እየጎረጎሩ ማውጣትም እሾህ መንቀስ ይባላል። አንዱ ያስገባል፥ ሌላው ያወጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የመርፌው ጫፍ በቆዳ ላይ የሚያደርገው ጥቃቅን ሥራ ነው። ለድድ ንቅሳት ደግሞ «ውቅራት» የሚባል ስም አለ። ወፍጮ ሲልግ ፊቱ በመውቀሪያ እየተመታ ይወቀራል፤ ከድንጋይ የተፈለፈለ ሕንጻም ውቅር ይባላል። እንግዲህ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን የሰየሙት በቅርጹ አይደለም፤ በሥራው ነው። በፈረንጆች ቋንቋ የገባው «ታቱ» የተባለው ቃል ከፖሊኔዥያ ሕዝቦች ቋንቋ በ18ኛው መቶ ዓመት በካፒቴን ኩክ መርከቦች አማካይነት የተወሰደ ሲሆን፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ወጣቶች አፍ ከ«ንቅሳት» ተለይቶ ይነገራል። ለአንድ ሥራ ሁለት ስም መገኘቱ በኋላ የሚመለሱበት ነገር ነው።

የነቃሿ ሥራ እንዲህ ነው። ቀለሙ ከምጣድ ወይም ከኩራዝ የሚገኝ ጥቀርሻ ነው፤ ከቅጠል ጭማቂ ወይም ከሌላ ፈሳሽ ጋር ይለወሳል። መሣሪያው እሾህ ወይም በአንድነት የታሰሩ መርፌዎች ናቸው። በአንገት ላይ የሚወርደው መስመር እንደ ድሪ ወይም እንደ ማተብ አንገትን ዙሪያውን ይከባል፤ በመስመሮቹ መካከል ነቁጥና ታናናሽ መስቀል ይገባል። ነቃሿ አስቀድማ የምታትመው ነገር ስለሌላት፥ የአንገቱን ርዝመትና የአገጩን ስፋት በዓይኗ መዝና ታከፋፍለዋለች። ወፍራም አንገትና ቀጭን አንገት አንድ ዓይነት ንቅሳት አይሸከምም። ከዚህ የተነሣ ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ቀን በአንዲት ነቃሽ እጅ ቢነቀሱ እንኳ፥ ንድፉ አንድ ሆኖ ሥራው ሁለት ይሆናል። ይህን ሥራ ከአንገት ላይ አንሥቶ በወረቀት ላይ ቀጥ አድርጎ የዘረጋ ሥዕል፥ መስመሮቹን ሁሉ በትክክል ቢቈጥር እንኳ የነቃሿን ውሳኔ በሙሉ አጥፍቷል። ደረቅ ሰሌን ላይ የተዘረጋ ኩታ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አያሳይም።

ቀለሙም ቢሆን በተነቀሰ ዕለት የታየው ሆኖ አይቀርም። ጥቁሩ ጥቀርሻ ከቆዳ በታች ካደረ በኋላ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ይህም የቀለሙ ባሕርይ ስለ ተለወጠ ሳይሆን ብርሃን በቆዳ ውስጥ ስለሚበተን ነው። በ2018 ዓ.ም. በማርሴይ ከተማ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየውም፥ ቀለሙን በሆዳቸው የያዙት የቆዳ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም በምትካቸው የሚመጡት ሕዋሳት መልሰው ይውጡታል። ስለዚህ ንቅሳት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ሥዕል አይደለም፤ ሥጋ ሳያቋርጥ እየተቀባበለ የሚያቆየው ነገር ነው። ተመራማሪው ይህን ቢያስብ ኖሮ፥ የሰባ ዓመት ሴት አንገት ላይ ያለውን መስመር «የደበዘዘ» ወይም «የተበላሸ» ብሎ አይጽፍም ነበር።

ሁለተኛው የአጠናን ችግር ንቅሳትን በምክንያት ከፋፍሎ በየሣጥኑ ማስገባት ነው። ዊኒፍሬድ ስሚተን በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ የሰው ልጅ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የኢራቅ ዓረቦችን ንቅሳት በጌጥነትና በመድኀኒትነት ወይም በአስማትነት ለይተውታል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ለመድኀኒት የሚነቀሰው ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ መሆኑን ማስተዋላቸውም ይመሰገናል። ለኢትዮጵያ ሲወሰድ ግን ይህ ክፍፍል በመጀመሪያው ምሳሌ ላይ ይሰበራል። ውቅራት የድድን ሕመም ይከላከላል ተብሎ ይነቀሳል፤ ጥርስንም ነጭ አድርጎ ያሳያል ተብሎ ይነቀሳል። ጠቈር ያለ ድድና ነጭ ጥርስ በዘፈንና በቃል ግጥም የሚወደሱት በአንድነት ነው። እናት ልጇን ለነቃሽ ስትሰጥ ከሁለቱ ምክንያት አንዱን መርጣ አይደለም። ሕመም የሌለበት ድድ ውብ ነው፤ ውብ ድድም ጤነኛ ነው። ቀለሙ ቶሎ እንዳይለቅም ሥራው በልዩ ልዩ ቀን ይደጋገማል፤ ይህ ድግግሞሽ ሕክምና ነው ወይስ ኩል እንደ መኳል ያለ ነገር ነው ብሎ መጠየቅ የጠያቂውን ሣጥን እንጂ የተጠያቂዋን ነገር አይገልጽም።

እዚህ ላይ ሌላ መደባለቅ በአጭሩ ይነሣ። ብዙ የሥዕል መጻሕፍት የሰሜኑን ንቅሳትና በምዕራቡ ቈላ የሚገኘውን የቆዳ ብጣት በአንድ ርእስ ሥር ያኖራሉ። የኑዌር ወንድ ልጅ ወደ ጕልማሳነት ሲሻገር በግንባሩ ላይ በስለት የሚሠመሩት ስድስት መስመሮች ቀለም የላቸውም፤ ጠባሳ ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ ዕድሜ ጓደኝነትና ስለ ከብት ጠባቂነት ነው። ሁለቱን «የአፍሪካ የሰውነት ጌጥ» ብሎ ማጣመር ለአሳታሚ ይመች ይሆናል፤ ለጥናት ግን አይረዳም።

ምልክት በቅርጹ ትርጕሙን አይሰጥም ለሚለው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ግንባር ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎች ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ሲኖሩ በግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰዋል። አንዳንዶቹ በግድ እንደ ተነቀሱ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ ከጎረቤት ላለመለየትና ራሳቸውን ለመሠወር እንዳደረጉት ይናገራሉ፤ እንደ እኩዮቻቸው ለማጌጥ ብቻ የተነቀሱም አሉ። የኦሪት ሕግ ደግሞ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 በሰውነት ላይ ምልክት መነቀስን ይከለክላል። እነዚህ ሴቶች ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ያው ታናሽ መስቀል በአውቶቡስ ላይ፥ በምኵራብና በሥራ ቦታ ጥያቄ የሚያስነሣ ሆነ፤ ከእነርሱም በሐኪም ቤት በጨረር ያስጠፉ አሉ። የጥቀርሻ ቀለም ጨረሩን በደንብ ስለሚቀበል ይሰባበራል፤ ዳሩ ግን ጠይም ቆዳ የራሱ ቀለም ስላለው በመስቀሉ ምትክ ነጣ ያለ መስቀል ሊቀር ይችላል። የቅርጽ ዝርዝር አዘጋጅ እነዚህን ሁሉ ግንባሮች «ታናሽ መስቀል፥ በግንባር መካከል» በሚል አንድ ቍጥር ሥር ያስገባቸዋል። በአንድ ቍጥር ሥር ግን መገደድ፥ መሠወር፥ ማጌጥና መጸጸት ተደራርበው ይገኛሉ።

ከሌላው ዓለም ሥራ ለዚህ የሚረዳ ምሳሌ ይገኛል። ዊሎዲን ሃንዲ በ1922 ዓ.ም. ስለ ማርኬሳስ ደሴቶች ንቅሳት ያሳተሙት ጥናት የተሠራው፥ የፈረንሳይ መንግሥት ንቅሳትን ከከለከለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ነቃሾች የሉም፤ ማኅተምም አልነበረም። እርሳቸው የሄዱት ወደ ሽማግሌዎችና ወደ አሮጊቶች ነበር፤ ከሥጋቸው ላይ እየሣሉ፥ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከባለቤቶቹ አፍ እየሰሙ መዘገቡ። የዝርዝሩ ሙላት ከካርስዌል መጽሐፍ ያነሰ ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሥዕል የተወሰደው ከሚያውቀው ሰው አካል ነው። አልፍሬድ ጄል በ1993 ዓ.ም. ስለ ፖሊኔዥያ ንቅሳት ያወጡት ታላቅ ድርሰት በሜዳ ጥናት ሳይሆን በመጻሕፍት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፥ ንቅሳት የውስጡን ወደ ውጭ፥ የውጩንም ወደ ውስጥ ማዞር ነው የሚለውን አሳብ ሊያቆም የቻለው እንደ ሃንዲ ያሉ ሰዎች ቆዳን ስለ ሣሉለት ነው። በእንጨት ማኅተም ላይ እንዲህ ያለ አሳብ አይበቅልም። ምናልባት ጄል አሳቡን ከመጠን በላይ ለጥጠውታል፤ በደሴቶቹ መካከል ያለው የንቅሳት ልዩነት ሁሉ ከመንግሥት አቋም የሚወለድ አድርገው ማሳየታቸው ነቃሹን ከነእጁ ያስረሳል። ይህ ግን የሌላ ሂስ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ስሞች መመለስ ይገባል። «ንቅሳት» የአያት ነው፤ «ታቱ» የልጅ ልጅ ነው። ኒው ዮርካዊው ሳሙኤል ኦራይሊ በ1891 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያወጡበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ዘሮች ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ይሠራሉ፤ ወጣቶችም በክንዳቸው፥ በአንገታቸውና በጀርባቸው የሚያሠሩት ሥዕል ከሴት አያቶቻቸው አንገት ጋር ዝምድና ያለው አይመስላቸውም። በሥራ ዓለም ግን ሁለቱም በአንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ከገጠር መጥታ በከተማ ሥራ የምትፈልግ ልጅ የአንገቷን ንቅሳት በሻሽ ወይም በነጠላ ትሸፍናለች፤ ምክንያቱም «ባላገር» ያሰኛታል። በእንግዳ መቀበያ ወይም በባንክ መስኮት የሚቀመጠው ወጣት የክንዱን ታቱ በረጅም እጅጌ ይሸፍናል፤ ምክንያቱም «ዱርዬ» ያሰኘዋል። አንዷ ወደ ኋላ ቀርታለች፥ አንዱ ከመጠን አልፏል ተብለው ይከሰሳሉ፤ የሚሸፍኑት ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ይህ ክስ በኢትዮጵያ አልተፈለሰፈም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ዓ.ም. ስለ ወንጀለኛ ሰው በጻፉት መጽሐፍ ንቅሳትን ከወንጀለኛ ተፈጥሮ ምልክቶች አንዱ አድርገው ቈጠሩት። የቪየናው የሕንጻ ሊቅ አዶልፍ ሎስ ደግሞ ጌጥን ከወንጀል ጋር ባያያዙበት ታዋቂ ንግግራቸው፥ የፓፑዋ ሰው ቢነቀስ አይፈረድበትም፥ የዘመኑ ሰው ቢነቀስ ግን ወይ ወንጀለኛ ወይ የተበላሸ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። የዚህ አሳብ ጥበብ ያለው ይቅርታው ላይ ነው፤ «ያልሠለጠነውን» ይምራል፥ ነገር ግን የሚምረው ከዘመን ውጭ አድርጎ ነው። የአዲስ አበባ የሥራ አለቃ ሎስን ባያነብም ፍርዱ ከዚህ አይርቅም። አያቲቱን «የድሮ ሰው ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውን አይምርም፤ ከገጠር የመጣችውን ልጅ ግን ከሁለቱ በየትኛው እንደሚያኖራት ስለማያውቅ ይሥቅባታል። ሌሎች አገሮችም በዚህ ነገር ቀጥ ብለው አልሄዱም። ጃፓን በ1872 ዓ.ም. ከልክላ በ1948 ዓ.ም. ፈቀደች፤ ነቃሽ የሐኪም ፈቃድ እንደማያስፈልገው ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የወሰነው በ2020 ዓ.ም. ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከ1961 እስከ 1997 ዓ.ም. የንቅሳት ሥራን ከልክላ ኖረች። የአሜሪካ የምድር ጦር በ2022 ዓ.ም. ደንቡን አላልቶ በእጅና በማጅራት ላይ ያለ ታናሽ ንቅሳት ለምልመላ እንቅፋት እንዳይሆን አደረገ። ደንቡን ያላላው ሠራተኛ መፈለግ እንጂ ስለ ጌጥ የተደረገ ክርክር አይመስልም።

የነቃሾች ዓለም አቀፍ ጉባኤም ከዚህ ሂስ አይድንም። በ1976 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ያለው ስብሰባ በብዙ ከተሞች ተለምዷል፤ ነቃሾች በየዳሱ ተቀምጠው በሕዝብ ፊት ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ዳኞች ሽልማት ይሰጣሉ። ለሙያው ክብር አስገኝቷል፤ ነቃሹም ከጓዳ ወጥቶ በስሙ እንዲጠራ አድርጓል። ነገር ግን በዚያው ዕለት ለተፈጸመ ሥራ ሽልማት ሲሰጥ፥ የሚፈረደው ቆዳው ገና ቀልቶና አብጦ ሳለ ነው። ካርስዌል መርፌው ሳይገባ፥ የጉባኤው ዳኛ መርፌው እንደ ወጣ፥ ሁለቱም ንቅሳቱ ንቅሳት ከመሆኑ በፊት ፈረዱ። የገጠሯ ነቃሽ የተፈረደላት ወይም የተፈረደባት የነቀሰቻት ልጅ አድጋ፥ ወልዳ፥ አንገቷ ሞልቶ ወይም ከስቶ በገበያ ስትታይ ነው። ከዚህ የረዘመ ፈተና ለማንኛውም ሠዓሊ አልቀረበም።

ይህ ሁሉ ሲባል የነቃሿን ሥራ ከነቀፋ ነጻ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ልማዱ እየጠፋ መሄዱን የሚያዝኑ ጸሐፊዎች ስለ ልጅቱ ብዙ አይናገሩም። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ተይዛ ድዷ ሲወጋ ፈቃዷን የሚጠይቃት የለም። መርፌውም ሳይቀቀል ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ የጉበት በሽታንና መንጋጋ ቈልፍን ሊያስተላልፍ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ያኖራል፤ ንቅሳትን በዚህ ስም የሚከሱ ሰዎችም ክሳቸው ባዶ አይደለም። ጉድለታቸው ሌላ ነው፤ በክሱ ውስጥ ሴቲቱ ከነንቅሳቷ ጎጂ ልማድ ሆና ትቀርባለች። ሥራው እንዲቀር ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን በአንገታቸው ይዘው የሚኖሩትን ሴቶች እንዲያፍሩ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። አሳፋሪ የተባለ ነገር ደግሞ አይነገርም፤ ያልተነገረ አይመዘገብም።

በዚህም ምክንያት የካርስዌልን መንገድ ተከትሎ ለኢትዮጵያ የቅርጽ መድብል ለማዘጋጀት የሚነሣ ተማሪ ሥራውን በሌላ በር መጀመር አለበት። ከመስመሩ ሥዕል በፊት ተነቃሿ ተቀምጣ፥ ስትናገርና ስትሥቅ አንገቷ እንዴት እንደሚታይ ይመዝገብ። በስንት ዓመቷ እንደ ተነቀሰች፥ ማን እንደ ያዛት፥ ምን ተብላ እንደ ተባበለች፥ አብራት ማን እንደ ተነቀሰች፥ ቀለሙ ከምጣድ ጥቀርሻ ይሁን ከኩራዝ፥ የትኛው ቅጠል እንደ ተጨመቀበት፥ ከመስመሮቹ ስም ያለው የትኛው እንደ ሆነ፥ ነቃሿ በምን እንደ ተከፈለች ይጠየቅ። በከተማ ሥራ ፈልጋ እንደ ሆነ ሸፍናው ታውቅ እንደ ሆነ፥ ልጇንስ አስነቅሳ እንደ ሆነ፥ ካላስነቀሰችም ለምን እንደ ተወችው ይጻፍ። በአሮጌ ፎቶግራፎች ግርጌ «የአማራ ሴት» ወይም «የትግራይ ሴት» ከሚለው ጽሕፈት ይልቅ፥ ባለቤቲቱ እስከ ፈቀደች ድረስ፥ የነቃሿ ስም ይግባ። አብዛኞቹ ነቃሾች ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉትም መርፌያቸውን ጥለዋል። ስማቸውን የሚያስታውሱት የነቀሷቸው ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ታናሾቹ እንኳ አርጅተዋል።